ጣናን ቤተ ሙከራ ማድረግ፦ ሙቀትን፣ ከባቢ አየርንና የአየር ንብረትን በቡድን ሥራ ለማስተማር ለምትፈልጉ መምህራን

ተማሪዎችን «ስለ አየር ንብረት ለውጥ በቡድን ሠርታችሁ አምጡ» ብሎ ያዘዘ መምህር ምን እንደሚመጣለት አስቀድሞ ያውቃል። ባለቀለም ሽፋን፣ በመሃሉ የምድር ሥዕል፣ ከሥሩ የስድስት ተማሪዎች ስም። ውስጡ ትርጉም፣ መንስኤ፣ ጉዳት፣ መፍትሔ ተብሎ የተከፋፈለ፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ጽሑፍ ነው፤ መደምደሚያው ሁልጊዜ «ዛፍ እንትከል» ይላል። ጽሑፉን ያዘጋጀችው አንዲት ጎበዝ ተማሪ ናት። ሁለተኛው የማሳተሚያውን ገንዘብ ከፍሏል። የቀሩት ስማቸው በትክክል መጻፉን አረጋግጠዋል። ዛፍ መትከሉን አልቃወምም፤ ነገር ግን ከዚያ ወረቀት ሙቀት ምን እንደሆነ የተማረ ልጅ እስካሁን አላገኘሁም።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጂኦግራፊ ከሚያስተምር ባልደረባዬ ጋር ሆነን የሙቀቱን ምዕራፍና የአየር ንብረቱን ምዕራፍ አንድ ላይ በቡድን ሥራ ማስተማር ከጀመርን ቆይተናል። የደረስንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ለቡድን ርዕስ አንሰጥም። የምንሰጠው አንድ የሚለካ ነገርና አንድ ክርክር ነው። የክርክሩ መልስ መጽሐፉ ላይ መገኘት የለበትም፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ በቴርሞሜትር፣ በማስመሪያና በሰዓት የሚፈታ መሆን አለበት። በተጨማሪም ሥራውን የምናከፋፍለው አንዱ ቡድን ያለ ሌላው ቡድን ልኬት መጨረስ እንዳይችል አድርገን ነው። ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ተደብቆ መቅረት ቀላል ነው። የአንተን ቁጥር የሚጠብቅ ሌላ ቡድን ካለ ግን የሚቆጣጠርህ መምህሩ ሳይሆን የክፍል ጓደኛህ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጨካኝ ነው።

ከሁሉ በፊት ቴርሞሜትሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ያስፈልጋል። ከቤተ ሙከራው ሣጥን የሚወጡ ቴርሞሜትሮች አንድ ዓይነት ቁጥር አያሳዩም። ሁሉንም የተፈጨ በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ አስገብተን እናማስላለን፤ ዜሮ ማሳየት አለባቸው። አንዱ አንድ ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሌላው ሁለት ዲግሪ ዝቅ ይላል። ቡድኑ የራሱን ቴርሞሜትር ስህተት በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ልኬት ሁሉ በእርሱ ያስተካክላል። በረዶ ከዓሣ ነጋዴዎች ወይም ማቀዝቀዣ ካለው ቤት ይገኛል። ወደ ቤት የምንሰጠው ቀይ ፈሳሽ ያላቸውን የአልኮል ቴርሞሜትሮች ብቻ ነው። የሜርኩሪዎቹ ከቤተ ሙከራ አይወጡም፤ ቤት ውስጥ ቢሰበሩ የሚወጣው ተን መርዝ ነው።

ይህ የማስተያየት ሥራ ጥቅሙ የሚታየው በመጀመሪያው ፕሮጀክት ላይ ነው። ተማሪው ሁሉ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ በቃሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ቤት ሄዳችሁ ለኩ እንላቸዋለን፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የብረት ድስቱን ታች እንዳይነካ፣ ውኃው በደንብ ሲንተከተክ እንዲያነቡ እናስጠነቅቃለን። በማግስቱ የመጀመሪያው ቡድን ይመጣና ቴርሞሜትራችን ተበላሽቷል ይላል፤ 94 ላይ ቆመ፣ አልወጣም አለን። ሁለተኛውም 94፣ ሦስተኛውም 94 ገደማ። በበረዶው ባልዲ ዜሮ ማሳየቱን ራሳቸው ፈርመው ስለመዘገቡ መሣሪያውን መክሰስ አይችሉም። ክፍሉ በዚህ ጊዜ የሚገባበትን ጭቅጭቅ በምንም ገለጻ ላመጣው አልችልም።

መልሱ ከራሳችን ላይ ያለው አየር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል አካባቢ ሲሆን እዚህ 82 ገደማ ነው። ውኃ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ የሚጫነው አየር ከቀነሰ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። አንዲት እዚያ ያደገች ተማሪ ይህን ስትሰማ አያቷ ሽንብራ ለመቀቀል ለምን ያን ያህል እንደሚቆዩ ለክፍሉ ማስረዳት ጀመረች፤ እኔ ተቀመጥኩ።

ከዚሁ ፕሮጀክት ሁለተኛ ጥያቄ እናወጣለን። ውኃው ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሩበት የበለጠ ይሞቃል ወይ? አብዛኛው ተማሪ አዎ ይላል። ልኬቱ ግን እዚያው 94 ላይ ይቆያል። የተጨመረው እሳት ውኃውን ወደ ተን መለወጫ ይሆናል እንጂ አያሞቀውም፤ አንድ ኪሎ የፈላ ውኃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን 2,260 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ያው አንድ ኪሎ ውኃ ከክፍል ሙቀት እስከ መፍላት ለማድረስ ግን ከ350 አይበልጥም። ስለዚህ ወጡ መፍላት ከጀመረ በኋላ ክዳን መክደንና ከሰሉን መቀነስ የማብሰያ ጊዜውን አያራዝምም። ይህን በደብተራቸው ያሰፈሩ ተማሪዎች ቤት ሄደው እናታቸውን ለማስተማር ሲሞክሩ ምን እንደተባሉ ባይነግሩኝ ይሻላል፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ቤቶች ዛሬ ምድጃው ላይ ክዳን መጠቀማቸውን ሰምቻለሁ።

ስለ ከባቢ አየር ከፍታ ስናወራ ተማሪዎች ሳይታክቱ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ጉና ተራራ ላይ ስንወጣ ወደ ፀሐይ ቀርበን ሳለ ለምን ይበርደናል? ጥያቄው የሞኝ አይደለም፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አይመልሱትም። ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ሁለት ኪሎ ሜትር መውጣት ምንም አያቀርብም። አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ከሥሩ ያለው መሬት ነው፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰ፣ እየተለጠጠ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከባሕር ዳር በ14 ወይም በ15 ዲግሪ ያህል እንዲቀዘቅዝ እንጠብቃለን።

ይህን በቀላሉ የሚያዩት ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ተማሪዎች ናቸው። ደጀን ላይ አንድ ባዶ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ በደንብ ከድናችሁ ያዙ ብለን እንልካቸዋለን። አውቶቡሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ ይጨማደዳል፤ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ተመልሶ ይነፋል። አንድ ተማሪ ቴርሞሜትርም ይዞ ነበር፤ ሹፌሩ «የበረሃውን ሙቀት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም» ብሎት እንደነበር በደብተሩ ላይ ጽፏል። ወላጆች የሚጓዙበትን አጋጣሚ መጠቀም እንጂ ለዚህ ብሎ ማንንም መንገድ መላክ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሐይቁ። የእኛ ትምህርት ቤት ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ከሐይቅ የራቀ ትምህርት ቤትም ኩሬ ወይም ግድብ ካለው መሞከር ይችላል። ሦስት ቡድኖች አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ ይለካሉ፤ አንዱ የሐይቁን ውኃ፣ አንዱ ሣር ያለበትን መሬት፣ አንዱ ባዶ አፈር። መጋቢት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የባዶው አፈር ገጽ ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ሐይቁ ከጠዋቱ ልኬት እምብዛም አልተነቃነቀም። ፀሐይዋ ያችው፣ ቀኑ ያው፤ ምን ለያያቸው?

ሰሌዳው ላይ የምንሠራው ስሌት ይህ ነው። የጣና አማካይ ጥልቀት 9 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ዓምድ ብንቆርጥ 9,000 ኪሎ ውኃ ይይዛል። አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ያስፈልጋል፤ ለዓምዱ በሙሉ 38 ሜጋጁል (38 ሚሊዮን ጁል) ያህል። በጠራ ቀን በባሕር ዳር አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያርፈው የፀሐይ ጉልበት ከ20 እስከ 25 ሜጋጁል ነው። እንግዲህ ሐይቁ የቀኑን ፀሐይ አንዲት ጠብታ ሳያባክን ሁሉንም ቢውጥ እንኳ አንድ ዲግሪ አይሞላም። የደረቀ አፈር የላይኛው አሥር ሴንቲ ሜትር ግን ለአንድ ዲግሪ የሚፈልገው 0.1 ሜጋጁል ገደማ ነው። ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደሆነና ስንት ጉልበት እንደያዘ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከዚህ ልዩነት ነፋስ ይወለዳል። ቡድኖቹ በእንጨት ጫፍ ላይ ቀጭን የፌስታል ክር አስረው፣ አንዱ ዳር ላይ፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አንዱ ከሐይቁ ራቅ ባለ ሰፈር ቆሞ በስልክ ሰዓቱን እየተናበበ የነፋሱን አቅጣጫ ይመዘግባል። ማለዳ ክሩ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይነሣል፤ በምትኩ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ጠርዝ ስለሆነች ነፋሱ ከሰሜን ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ዳር ያለው ቡድን ያየዋል፣ ራቅ ያለው ቆይቶ። ሌሊት መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። በክረምት ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ሌሊት የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ከየአቅጣጫው ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው የሌሊት አየር ሐይቁ ላይ ተጋጭቶ ወደ ላይ መነሣቱ ነው። አንድ ቡድን በግልባጩ የሚነፍስ ነፋስ መዝግቦ መጣና ሌሎቹ ሳቁበት። ሄደን ስናይ የቆሙት በሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ነበር፤ ንባባቸው ትክክል፣ ቦታቸው ነበር የተሳሳተው። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ መሣሪያዎች ለምን ገላጣ ቦታ ላይ፣ ቴርሞሜትሩም ለምን አየር በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ያን ቀን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የትነት ቡድኑ ሥራ ደግሞ በአንድ ሳፋና በአንድ ማስመሪያ ያልቃል። ሳፋውን ውኃ ሞልቶ ገላጣ ቦታ ማስቀመጥ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከጠርዙ እስከ ውኃው ያለውን መለካት። በደረቁ ወቅት በቀን ብዙ ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ሳፋው ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ቁጥሩ ከሐይቁ ትነት ይበልጣል፤ ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የሐይቁ ትነት በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህንን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው ስፋቱ ሲያባዙት 4.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል። ከጣና በዓባይ በኩል ከሚወጣው ውኃ ይልቅ በትነት ወደ ሰማይ የሚወጣው ይበልጣል ማለት ነው። ዓባይ ሲወጣ በየቀኑ በዓይናቸው የሚያዩ ልጆች ይህን ቁጥር ለመቀበል ይቸገራሉ፤ ስሌቱን ደጋግመው ይሠሩታል፤ እኔም እንዲያ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከፈለጋችሁ አንድ እርምጃ ቀጥሉ። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ትነት በካሬ ሜትር 10 ሜጋጁል ይወስዳል፤ ፀሐይ ካመጣችው ግማሽ የሚጠጋው ሐይቁን ከማሞቅ ይልቅ ወደ ትነት ሄዷል ማለት ነው።

ሐይቅ ዳር ለምትሠሩ ጥቂት ማሳሰቢያ። ተማሪ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ። ቴርሞሜትሩን በገመድ አስሮ ከጀልባ መጫኛው ላይ ማውረድ ይበቃል፤ ቀድቶ በባልዲ ማውጣትም ይቻላል፣ ወዲያው ከተነበበ። ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይኑራችሁ፤ ድልድይ አጠገብ የመለኪያ መሣሪያ ይዞ መቆም ደግሞ በፍጹም አይሞከርም፣ ደብዳቤም አያድንም። የማታ ልኬት ሁሉ በየቤቱ ግቢ ይሁን።

ወደ ሙቀት አማቂ ጋዞች ስንመጣ ብዙ መምህር የሚወደውን ሙከራ እኔ ትቼዋለሁ። ሁለት ብርጭቆ ማሰሮ፣ በአንዱ ከኮምጣጤና ከቤኪንግ ሶዳ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሌላው አየር፤ አምፖል ይበራባቸዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው የበለጠ ይሞቃል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ችግሩ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከላይኛው አየር ጋር ሳይቀላቀል በመቆየቱ ነው በአመዛኙ የሚሞቀው። ሙቀት የማያምቀውን፣ ግን እርሱም ከአየር የሚከብደውን አርገን የተባለ ጋዝ ብትሞሉበትም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ትክክለኛ ነገር በተሳሳተ ማስረጃ ማስተማር ቆይቶ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጎበዙ ተማሪ ስህተቱን ያገኘ ቀን ሙሉውን ትምህርት ይጠራጠራል። ታሪኩን ግን እነግራቸዋለሁ። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት እ.ኤ.አ. በ1856 ጋዞችን በመስታወት ሲሊንደር ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ የበለጠ መሞቁን ዘገበች፤ አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ጋዞቹ የሙቀት ጨረርን ራሱን እንደሚውጡ በመሣሪያ አሳየ። የሁለቱ ሥራ ልዩነት ምን እንደሆነ ማወያየት ከማሰሮው ሙከራ ይበልጣል።

በምትኩ ሰማዩን እንለካለን። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችና መካኒኮች ሳይነኩ ሙቀት የሚለኩበት፣ እንደ ሽጉጥ የሚደገን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አለ፤ የሚያነበው ከተደገነበት አቅጣጫ የሚመጣውን የሙቀት ጨረር ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው የግንባር መለኪያ የሰውነትን ሙቀት ለመለካት ስለተሠራ ለዚህ አይሆንም። እኛ አንድ ከሚያውቀን ባለሙያ ተውሰን በፊርማ ከቡድን ወደ ቡድን እናዞረዋለን። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት በቀጥታ ወደ ላይ ሲደገን ከዜሮ በታች ያነባል። ደመና ሲያልፍ እዚያው አቅጣጫ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ይዘላል። ቀን ላይ ወደ ፀሐይ አቅራቢያ እንዳይደገን አስጠንቅቁ።

ከዚህ በኋላ የገበሬ ልጆች ክፍሉን ይረከቡታል። ደጋ ላይ ውርጭ የሚወርደው ሰማይ ሲጠራ መሆኑን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ ደመና ባለበት ሌሊት አባቶቻቸው ለእህሉ አይሰጉም። ምድር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ወደ ላይ ትረጫለች፤ ደመናው፣ የውኃ ተኑና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፊሉን ውጠው ወደ ታች መልሰው ይረጩታል። እነዚህ ጋዞች ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት አሁን ባለበት 15 ገደማ ሳይሆን ከዜሮ በታች 18 አካባቢ በሆነ ነበር። ሲጨመሩስ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከሚሊዮን እጅ 280 ያህል ነበር፤ ሃዋይ ላይ የማያቋርጥ ልኬት በተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1958 315 ገደማ፣ አሁን ከ420 በላይ። ሁለቱን የሰማይ ንባቦች በዓይኑ ያየ ተማሪ ይህን ቁጥር ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይችላል።

የጣሪያው ፕሮጀክት ብዙ አያናግረኝም፤ ይሠራል፣ ተማሪዎችም ይወዱታል። ኮርኒስ ያለውና የሌለው ባለቆርቆሮ ክፍል፣ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ፣ ከተቻለ ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ፤ በተመሳሳይ ሰዓት በራስ ቁመት ላይ መለካት ነው። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ከሰዓት በኋላ የሚማሩ ልጆች ውጤቱን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ መሄዳቸውን ብቻ ልንገራችሁ።

የአየር ንብረት ቡድኑ ግን ከባዱ ነው። የሳምንታት ልኬት የአየር ሁኔታን እንጂ የአየር ንብረትን አያሳይም፤ ለዚያ በተለምዶ የ30 ዓመት አማካይ ይወሰዳል። ስለዚህ ቡድኑ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል፣ የሚቲዎሮሎጂ መዝገብ ከተገኘም ያስተያያል። «ዱሮ ዝናቡ እንዴት ነበር?» ተብሎ ከተጠየቀ የሚመጣው መልስ ስለ ዘመኑ መክፋት የሚሰጥ ስብከት ነው። ጥያቄው ሁሉም በሚያስታውሰው ዓመት ላይ መታሰር አለበት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ክረምቱ መቼ ገባ? ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ ሐይቁ የት ድረስ ደርሶ ነበር? በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ኤልኒኞ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ) በበረታበት ጊዜ፣ ጤፉ መቼ ተዘራ? እንዲህ ሲጠየቁ አባቶችም እናቶችም የሚገርም ዝርዝር ያወጣሉ።

ከዚያ በኋላ የምንጠብቀው ወጥመድ አለ። ተማሪዎች የጎደለውንም የተረፈውንም ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ይወዳሉ። በ1995 ዓ.ም. ጣና በጣም ዝቅ ብሎ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። ዝናብ ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሚለቀቀውን ውኃ ስለሚወስን፣ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተለቀቀው መጠንም ድርሻ ነበረው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያና ቆሻሻ ይመገባል፤ ሙቀት ብቻውን አላመጣውም። ቡድኑ ለእያንዳንዱ ለውጥ ቢያንስ ሁለት ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን እንዲያቀርብና እንዴት እንደሚለያቸው እንዲጽፍ እናዛለን። ባልደረባዬ የሚሰጠው ከፍተኛ ነጥብ ለዚህ ነው።

ነጥብ ካነሣሁ፣ እኔ የማርመው ጥሬውን ደብተር ነው። በጽዳት የተገለበጠ ሠንጠረዥ አልቀበልም፤ የተሰረዘው፣ ላብ የነካው፣ ሰዓቱ የተጻፈበት ገጽ ይምጣ። ከትነት ቡድኑ አንዲት ተማሪ የሳፋው ውኃ በአንድ ቀን ሲወርድ ያሳየውን የማይታመን ቁጥር ሳትደብቅ አጠገቡ «ዶሮ ጠጥታለች» ብላ ጽፋ አመጣች፤ ቀኑንም ከአማካዩ አወጣችው። ሙሉ ነጥብ አገኘች። ሁሉም ቁጥር ቀጥ ባለ መስመር ላይ የሚያርፍለትን ቡድን ግን ጠርቼ ፊቴ እንዲለካ አደርጋለሁ። እያንዳንዱን አባል በቃል አንድ ጥያቄም እጠይቃለሁ፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ሌላው ቡድን ልኬት ነው። ክርክሩ በአማርኛ ይካሄዳል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመጨረሻው አንድ ገጽ ሪፖርት ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ተከራከሩ ሲባሉ የሚያወሩት ሁለት ልጆች ናቸው።

ጊዜን በተመለከተ፣ የሰማይ ልኬቱን ታኅሣሥና ጥር ላይ ጨርሱት፤ ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ ምሽት ለማግኘት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የማፍላቱ ሥራ በማንኛውም ወር ይሆናል። ሐይቁ፣ አፈሩና ነፋሱ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው የሚያምርባቸው። ሳፋዎቹን ግን ግንቦት ላይ እንዳታስጀምሩ፤ ዝናቡ ሲጀምር ትነቱን ከዝናቡ መለየት ሌላ መለኪያ ይጠይቃል፣ ተማሪውም በዚያ ጊዜ ሐሳቡ ፈተና ላይ ነው።